በኢንተርኔት ቅጥር የሐሰት ማንነትና ማስረጃ

በኢንተርኔት ቅጥር የሐሰት ማንነትና ማስረጃ ማቅረብ፣ ሥራ ፈላጊ በኢንተርኔት ሲያመለክት የሌላ ሰው ስም፣ ፎቶ ወይም የትምህርት ማስረጃ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብበት፣ አለዚያም በፈተናና በቃለ መጠይቅ ሰዓት ሌላ ሰው የሚተካበት የማታለል ወንጀል ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ ከኢንተርኔት ይቀድማል። ፎርጅድ ዲግሪና በሰው ስም የወጣ የቀበሌ መታወቂያ የቆየ ችግር ነው። ኢንተርኔት የጨመረው ርቀትን ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ ተመራቂ ዲግሪውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚርቅ የአዲስ አበባ ቀጣሪ በቴሌግራም ይልካል። ዋናው ሰነድ ላይ ያለው ደረቅ ማኅተም በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ ፎቶ ግን አይዳሰስም፤ ስም ለመቀየርም ተራ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይበቃል።

በሌላው ዓለም ጉዳዩ ከዲግሪ አልፏል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ክስ፣ የሰሜን ኮሪያ የኮምፒውተር ባለሙያዎች በተሰረቀ የአሜሪካውያን ማንነት ከ300 በላይ ኩባንያዎች ውስጥ ተቀጥረዋል። በዚያው ዓመት ኖውቢፎር የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ፣ አራት የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ያለፈ ሠራተኛው ሐሰተኛ ሆኖ እንደተገኘ ራሱ ተናግሯል።

የኢትዮጵያ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጀውንም የተገለገለበትንም ይቀጣል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ የማንነት ስርቆትን ወንጀል አድርጎታል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ስለሚመዘግብ በሰው ስም መቀጠርን ያከብደዋል። የትምህርት ማስረጃን እውነትነት ግን አይነግርም።

እሱን የሚነግረው የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ነው። ስቱደንት ኮፒ የሚባለው የውጤት ቅጂ በተማሪው እጅ ይቀራል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ለጠያቂው መሥሪያ ቤት ይላካል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነኝ የሚልን ሰው ከልብ ማጣራት የፈለገ ቀጣሪ መጠየቅ ያለበት ዩኒቨርሲቲውን ነው። አመልካቹን በጥርጣሬ ማንገላታት ፍትሕ አይደለም፤ በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት በአማራ ክልል፣ መልሱ የዘገየ ሁሉ አታላይ አልነበረም።

አመልካቾችም የዲግሪያቸውንና የፋይዳቸውን ፎቶ ለማያውቁት የቴሌግራም አካውንት አይላኩ። በሐሰት የሥራ ማስታወቂያ የተሰበሰበ ማስረጃ ሌላ ሰው ሊቀጠርበት ይችላል።