ኢስማዒል፦ «ሰማ» የሚለውን ቃል የያዘ ስም

በየሰፈራችን ኢስማዒል የሚባል ልጅ አይጠፋም። ስሙን ስናወጣ ነቢዩን (ዐለይሂ ሰላም) እናስባለን እንጂ ቃሉ ራሱ ምን እንደሚል ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ከዐረብኛ የተገኘ የሚመስለንም አለን። ስሙ ግን በዕብራይስጥ የሁለት ቃላት ጥምር ነው፦ «ይሽማዕ» ይሰማል ማለት ነው፤ «ኤል» ደግሞ አምላክ።

አማርኛ ለምንናገር ሰዎች ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና ግዕዝ ዘመዳሞች ናቸው። በዕብራይስጥ «ሽ» የሆነው ድምፅ በሌሎቹ ብዙ ጊዜ «ስ» ይሆናል። «ሻሎም» ሰላም ነው፣ «ሼም» ስም ነው፣ «ሻማዕ»ም ሰማ ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰውማ «ይስማዕ» ሲባል አስተርጓሚ አይሻም። መነሻው «ይ» በዐረብኛ «ኢ» መሆኑም የዚህ ስም ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የዕብራይስጡ «ይስራኤል» በቁርኣን «ኢስራኢል» ነው።

ታዲያ የተሰማው የማን ድምፅ ነው? ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 የእናቲቱ ነው ይላል። ሃጀር ግብጻዊት አገልጋይ ነበረች። እመቤቷ ስታስጨንቃት ነፍሰ ጡር ሆና ወደ ምድረ በዳ ኮበለለች። በውሃ ምንጭ አጠገብ መልአክ አገኛትና፣ አምላክ መከራዋን ሰምቷልና ልጇን በዚህ ስም እንድትጠራው ነገራት። እኛ ሃጀር ስትነሳ ቶሎ ወደ ሶፋና መርዋ፣ ወደ ዘምዘም እንሄዳለን። እዚህ ግን ልጁ ገና ሳይወለድ፣ ወገን የሌላት አንዲት አገልጋይ ሴት እሮሮዋ ተሰምቶ የልጇ ስም ሆኗል። በምዕራፍ 21 ደግሞ ውሃ አልቆባቸው ሳለ የተሰማው የልጁ ድምፅ ነው።

የእኛ ሙፈሲሮች በበኩላቸው የአባትየውን ዱዓ አንስተዋል። በ1273 ያረፉት ኢማም አል-ቁርጡቢ የአል-በቀራን አንቀጽ 127 ሲያብራሩ፣ ኢብራሂም (ዐለይሂ ሰላም) ልጅ ሲለምኑ «ስማ፣ ኢል ሆይ» ይሉ እንደነበርና ልጁ ሲሰጣቸው በዚያው ልመና እንደሰየሙት የሚገልጽ ንግግር አስፍረዋል። በሰዋስው ካየነው ዕብራይስጡ ትእዛዝ ሳይሆን «ይሰማል» ነው፤ ቢሆንም ሐሳቡ ከሥሩ አልራቀም። በሱረቱ ኢብራሂም አንቀጽ 39 ላይ ነቢዩ በእርጅናቸው ኢስማዒልንና ኢስሐቅን ስለሰጣቸው አላህን አመስግነው ጌታቸውን ዱዓ ሰሚ ይሉታል። በዐረብኛው «ሰሚዕ» የሚለው ቃል ከልጁ ስም ጋር በአንድ አንቀጽ ተቀምጧል፤ ሥራቸውም አንድ ነው።

ዛሬ ስሙ የሙስሊሞች ብቻ ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ በአይሁዶች ዘንድ ብርቅ ሆኗል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ይሽማዔል ቤን ፊያቢ የሚባል ሊቀ ካህናት ነበር። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ረቢ ይሽማዔል ቤን ኤሊሻ ተነሡ። ኦሪት የሚተረጎምባቸው 13 ደንቦች በእሳቸው ስም ይጠራሉ፤ አይሁዶች እስከ ዛሬ በጠዋት ጸሎታቸው መሐል ያነቧቸዋል።