የጠራቢው ዋጋ

ላሊበላ ደርሶ ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ቁልቁል ያየ ሰው፣ “ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን ጠረበው?” ሳይል አይቀርም። ካህናቱ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር ይሉናል። እኛ እዚህ የምናነሣው የቀኖቹን ሠራተኞች ነገር ነው።

ገድለ ላሊበላ ብዙዎቻችን ልብ ያላልነውን ነገር ይነግረናል። ንጉሡ ሥራውን ሲጀምር ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ተገደን ሠራን ብለው እንዳያጉረመርሙ፣ ዋጋቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ ጠየቃቸው። ድንጋይ ጠራቢውም አፈር አውጪውም ዋጋውን ተናገረ፤ ንጉሡም ሥራው እስኪያልቅ ከፈለ። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነውና እንደ ደመወዝ መዝገብ አናነበውም። ሆኖም ጻድቅ አሠሪ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ጸሐፊው ያሰበውን ያሳየናል። እንግዲህ ሰውን አስገድዶ ማሠራት ነውር መሆኑን ከውጭ አልተማርነውም ማለት ነው።

ታሪክ ግን በገድሉ መንገድ አልሄደም። የላስታ ገበሬ የጉልተኛውን ሁዳድ ሲያርስና ሲያጭድ፣ “ዋጋህ ስንት ነው?” ያለው ማን ነበር? የዚህ ሥርዓት መሠረት የተናደው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

እስቲ አሁን ደግሞ ወደ ጄኔቭ እንሻገር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበርን ስትገባ የዓለም ሥራ ድርጅትም አባል ሆነች። ድርጅቱ የግዳጅ ሥራን የሚከለክለውን ስምምነት በ1922 ዓ.ም. አወጣ፤ አገራችን ያጸደቀችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሰባ ሦስት ዓመት!

የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን ስምምነቶች ግን ቀደም ብላ በ1955 ዓ.ም. ተቀብላ ነበር። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። ከውጭ የሠራተኛ ማኅበራት እርዳታና ሥልጠና ያገኝ ስለነበር የዘመኑ ተማሪዎች “የውጭ እጅ አለበት” እያሉ ያሙት ነበር። ይሁንና የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ የጀመረው ይኸው የታማው ማኅበር ነው። በ1968 ዓ.ም. ደርግ ዘጋው። የ1955ቱ ፊርማ አልተሰረዘም፤ ማኅበሩን ግን አላዳነውም።

ከዚህ ምን እንማራለን? ፊርማ ብቻውን መብት አይሆንም። ፊርማውን የሚያውቅና የሚጠይቅ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ሥልጠና የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የውጭ ድጋፍ ወደ ላሊበላ ሲመጣ ቆይቷል። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና የአካባቢው ሰዎች የድንጋይ እንክብካቤን ሙያ ተምረዋል። መልካም ነው። ታዲያ ኖራ ማቡካት የሚማር ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ስለሚገባው ካሣ፣ አሥር ሠራተኞች ካሉበት ቦታ ማኅበር ማቋቋም ስለመቻሉ የሚለውንስ ቢማር ምናለበት? አብዛኛው የላስታ ሰው ደግሞ የራሱን ማሳ የሚያርስ፣ በቅሎ የሚያከራይ፣ ተባራሪ ሥራ የሚሠራ ነውና አዋጁ እምብዛም አይደርስለትም። ለእሱም መላ መፈለግ አለበት።

እንግዶች አለቱን ለማዳን ሲመጡ እናመሰግናለን። እኛ የተማርነው ደግሞ ሕጉን በሚገባው ቋንቋ ይዘንለት እንሂድ፤ ዋጋውን በራሱ አፍ እንዲናገር።