የፈራ ሰው ምክንያትና የሕግ ሚዛን

አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። ልጡ እባብ አይደለም፤ ድንጋጤው ግን እውነተኛ ነው። ታዲያ ሰው በእንዲህ ያለ ድንጋጤ ተሳስቶ ንጹሕ ሰው ቢገድል፥ ራሴን መከላከሌ ነው ሲል ሕግ ይቀበለዋልን? የእንግሊዝ ዳኞች በዚህ ጥያቄ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ተመላልሰውበታል።

በ1638 ገደማ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሌቬት የተባለ ሰው ከሚስቱ ጋራ ተኝቶ ሳለ፥ የቤቱ አገልጋይ ሌባ በር የሚሰብር መስሏት ጌታዋን ቀሰቀሰች። አገልጋይቱ በሥራ የምታግዛትን አንዲት ሴት ወደ ቤት አስገብታ ኖሮ፥ እንዳትታይባት በዕቃ ቤት ሸሸገቻት። ሌቬት ሰይፉን ይዞ ሌቦቹን ሲፈልግ፥ ሚስቱ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ሰው አይታ ጮኸች። እርሱም ገብቶ በጨለማ ሰይፉን ሰነዘረ። የሞተችው ግን ሌባ ሳትሆን ያች ምስኪን ሠራተኛ ነበረች። ዳኞቹም ሌባ መስሎት እንጂ ክፉ አስቦ አለማድረጉን ተመልክተው ከወንጀል ነጻ አወጡት።

ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ የሟቿስ ነገር? «ማን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ምናልባት በዳነች ነበር። ዳኛው ማይክል ፎስተር በ1762 ባሳተመው የሕግ መጽሐፍ፥ ሌቬት ተገቢውን ጥንቃቄ ስላላደረገ፥ ከግፍ ግድያ ባነሰ የነፍስ ማጥፋት ጥፋት ቢፈረድበት ሳይሻል እንዳልቀረ ጽፏል። ከዚያም በኋላ፥ ማመን ብቻ አይበቃም፤ ለማመንም በቂ ምክንያት ያስፈልጋል የሚለው አሳብ እየበረታ ሄደ።

በ1983 ግን የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሚዛኑን ለወጠ። አንድ ሰው በመንገድ ላይ ወጣት ልጅ ሲደበደብ ያየ መስሎት ደብዳቢውን መታው፤ ተመቺው ግን ሌባ መያዙ ኖሯል። ፍርድ ቤቱም፥ ተከሳሹ ከልቡ ካመነ፥ ቢሳሳትም እንኳ ባመነው ነገር መሠረት ይዳኛል አለ። የምክንያቱ ብቃት የእምነቱን እውነተኛነት መመርመሪያ ብቻ ሆነ። በ2008 የወጣው ሕግም ይህን አጸና፤ በፈቃዱ ሰክሮ የተሳሳተውን ግን አልተቀበለም።

በአሜሪካ የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የመጨረሻው ፍርድ ቤት በ1986 ሌላውን መንገድ መረጠ። አንድ ሰው በ1984 ሊዘርፉኝ ነው ብሎ በምድር ውስጥ ባቡር አራት ወጣቶችን በጥይት አቍስሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ፥ የሰውየው ፍርሃት ብቻውን አይበቃም፤ በእርሱ ሁኔታ ያለ አስተዋይ ሰው እንዲሁ ያምን ነበርን? ተብሎ ይጠየቅ አለ።

እንግዲህ አንደኛው ሚዛን ለሚንቀጠቀጠው ሰው ይራራል፤ ሁለተኛው ከበሩ ኋላ በጨለማ ለቆመው ያስባል። ሁለቱም ሕይወት ነውና ምርጫው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት የሚደርሰው ሁልጊዜ ከሞት በኋላ ነው። ስለዚህ እጅ ከመሰንዘሩ በፊት፥ ጊዜ ከተገኘ፥ ዓይን ይመልከት፤ አንደበትም ይጠይቅ።