የሚነፉት ዓሦች፦ ባለ አራት ጥርሱና ባለ ሁለት ጥርሱ

እኔ ያደግኩት ደጋ ነው፤ የማውቀው ዓሣ ቆሮሶና አምባዛ ብቻ ነበር። ኦቦክ ባሕር ዳር ግን መረብ ውስጥ እንደ ኳስ የተነፋ ዓሣ አየሁ። እነዚህ ዓሦች ሲደነግጡ ውሃ ውጠው ይነፋሉ። ዝምድና ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች ናቸው፦

ቴትራኦዶንቲዴ፦ ጥርሳቸው ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ነው። እሾሃቸው አጭር ነው፤ የሌላቸውም አሉ።

ዳዮዶንቲዴ፦ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ጥርስ አላቸው። እሾሃቸው እንደ ጃርት ጎልቶ ይታያል።

ወገኖቼ፣ በሁለቱም ውስጥ መርዘኛ ስላለ አንዱንም እንዳትበሉ። ቴትሮዶቶክሲን የሚባለው መርዝ በተለይ ጉበትና እንቁላል ውስጥ ይከማቻል፤ ቢቀቀልም ቢጠበስም አይጠፋም፣ ማርከሻም የለውም። የበላ ሰው ከንፈሩና ምላሱ ከደነዘዘ ቶሎ ሐኪም ጋ አድርሱት፤ ትንፋሹ ሳይቆም ከተደረሰለት ሊድን ይችላል።