የተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳን

ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሮም የሚዘልቁ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያቸው እሱ ነበር። የግዕዝ ጥናት በአውሮፓ እንዴት እንደተጀመረ ሲተረክ ቀድሞ የሚነሳው የአውሮፓ ሊቃውንት ስም ነው። መዝገቡን ለሚያገላብጥ ግን ጥናቱ የበቀለው በእነዚህ የጸሎት ሰዎች መካከል ነው።

በማተሚያ የወጣው የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ እንኳ የእነሱ ዳዊት ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ኢትዮጵያውያኑ ሲጸልዩ ሰምቶ፣ ቋንቋውን ከእነሱ ተምሮ፣ መዝሙሩን በ1513 ሮም ላይ አሳተመ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ከሁሉ ይልቅ ልናውቀው የሚገባን ሰው ግን አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ናቸው፤ ጣሊያኖች ጴጥሮስ ይሏቸው ነበር። በእሳቸው ዕድሜ አገሪቱ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተመታች፤ ደብረ ሊባኖስም በ1531 ተቃጠለ። መጻሕፍት ከነገዳማቸው የሚነዱበትን ዘመን ያየ መነኩሴ ቅዱስ መጽሐፍን በብዙ ቅጂ ለማባዛት ያን ያህል መድከሙ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዚህ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር፣ በሮም ሊቃውንትና በጳጳሱ በጳውሎስ 3ኛ ድጋፍ፣ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ሮም ላይ አሳተሙ። ሥርዓተ ቅዳሴም አብሮ ገባ። ለሊቃውንት መመራመሪያ ብቻ የታሰበ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ቅዳሴ ባላስፈለገው ነበር፤ መጽሐፉ የታሰበው ለሚቀድስበትም ሰው ነው።

ሥራው ከባድ ነበር። ፊደሉን የሚለቅሙት የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም። «በ»ን ከ«ከ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ድምፁን ለማያውቅ ለቃሚ ደግሞ ጭረቷ ምንም አትነግረውም። መነኮሳቱ በበኩላቸው ማንበቡን እንጂ ማተሙን አያውቁበትም። ተስፋ ጽዮን ይህን አልሸሸጉም። አንዱ ወገን ሌላውን እየረዳ፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ሆነው መሥራታቸውን ገልጸው፣ አባቶችና ወንድሞች ስሕተቱን በክፉ እንዳይተረጉሙባቸው በዚያው መጽሐፍ ለምነዋል።

የግብረ ሐዋርያትን ነገር በተለይ ልብ ማለት ይገባል። በእጃቸው የነበረው የግዕዝ ቅጂ ጎደሎ ስለነበር፣ አብዛኛው ክፍል እዚያው ሮም ከላቲንና ከግሪክ ተተረጎመ። እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ከሮም አንባቢዎች መካከል ማን ይደርስበት ነበር? እሳቸው ግን ከየት እንደተተረጎመ በማስታወሻ ተናገሩ፤ ስለጨመሩትና ስላጎደሉት ይቅርታ ጠይቀው፣ አንባቢ እንዲያርመው አደራ አሉ። አንባቢን ይቅርታ መለመን የብራና ጸሐፊዎቻችን የቆየ ልማድ ነው። ብዙዎች ከትሕትና ወግ ቆጥረው ያልፉታል። እኔ ከዚያ የሚበልጥ ይመስለኛል። የእግዚአብሔር ቃል ላይ እጁን የሚያኖር ሰው የራሱን ቃል ከቅዱሱ ቃል መለየት አለበት፤ ይህን ያስተማራቸው ገዳማቸው እንጂ የሮም ትምህርት ቤት አይደለም። ዛሬ የጽሑፍ ተመራማሪ በሙያው ግዴታ የሚያደርገውን እሳቸው ስለ እምነታቸው አደረጉት።

ተስፋ ጽዮን ቲቮሊ ላይ ሲያርፉ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ነበሩ። የእሳቸው ተማሪ ማሪያኖ ቪቶሪ በ1552 የግዕዝ ሰዋስው ሮም ላይ አሳተመ፤ በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1649፣ ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን ያገኘው በዚሁ በሮም ኢትዮጵያውያን መካከል ነበር፤ የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት (1698) ከዚያ ወዳጅነት የተወለዱ ናቸው።

የሮሙ ሐዲስ ኪዳን በ1657 ለንደን ላይ በተጠናቀቀው የብራያን ዋልተን ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንደገና ታተመ። ለረጅም ዘመን የአውሮፓ ምሁራን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ያነበቡት በእነዚህ ኅትመቶች ነው። የጥንቱን የግዕዝ ትርጉም የሚመረምር ሁሉ የሮሙን ግብረ ሐዋርያት በጥንቃቄ የሚይዘውም ተስፋ ጽዮን ስለጻፏት ስለዚያች ማስታወሻ ነው።