የቢላቴው ሃምሳ አለቃ

የአባያ ሐይቅ ሞልቶ ሲተርፍ ውሃው በኩልፎ ወንዝ በኩል ወደ ጫሞ ሐይቅ ያልፋል፤ የአርባ ምንጭ ሰው ይህን ያውቃል። ከሰሜን ወደ አባያ ከሚገቡት ወንዞች አንዱ ቢላቴ ነው። በሻሸመኔ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ ሃላባ ቁሊቶን እንዳለፈ ይሻገረዋል። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በዚህ ወንዝ ዳር የሆነውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ያን ዕለት ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሚያዝያ 27ን የድል ቀን ብለን ስለምናከብር ጦርነቱ በዚያው ያበቃ ይመስለናል። ለደቡብ ሰው ግን ገና ነበር፤ በሐይቆቹ አካባቢ የነበረው የጣሊያን ጦር ወደ ሶዶ እያፈገፈገ ይዋጋ ነበር። ይከታተለው የነበረው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ አብዛኛው እግረኛ ከምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች የተመለመለ ጥቁር ወታደር ነው።

ከዚህ ጦር ሁለት ሻምበል ቢላቴን በጭንቅ ተሻግሮ ማዶውን ያዘ። ይዞታው ገና ሳይጸና የጣሊያን ታንኮች ከቁጥቋጦው ውስጥ ድንገት ወጡበት። ሃምሳ አለቃ ናይጀል ሊኪ የሞርታር ተኳሽ ነበር። በ1905 ዓ.ም. ኬንያ የተወለደ፣ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ልጅ ነው። ጥይቱን ጨርሶ፣ ምን ልርዳ ብሎ ወደ ፊት መጥቷል። በዚያ ሰዓት እጁ ላይ ያለው ሽጉጥ ብቻ ነው።

ከወገን ጦር ኋላ በኩል በመጣ አንድ ታንክ ላይ ዘለለ። ክዳኑን ፈልቅቆ ከሾፌሩ በቀር ውስጥ ያሉትን ገደለ፤ ሾፌሩንም በሽጉጥ አስገድዶ ታንኩን ወደ ከለላ አስነዳው። በታንኩ መድፍ የቀሩትን ሊመታ ሞከረ፤ መድፉ አልተኩስ አለው። ይህን ጊዜ ወርዶ፣ ጥቂት አፍሪካውያን ወታደሮችን አስከትሎ፣ መትረየስ በሚያጭደው ሜዳ ላይ በእግሩ ታንክ አደን ገባ። ሁለቱ አለፉት። ሦስተኛው ላይ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ አንዱን እንደገደለ፣ አራተኛው ታንክ በመትረየስ መትቶ ጣለው። አስከሬኑ አልተገኘም።

መልሶ ማጥቃቱ ከሸፈ። ሶዶም ከሦስት ቀን በኋላ ተያዘች። የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ ለሊኪ የተሰጠው ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ በኅዳር 1938 ዓ.ም. ነው። ስሙ ኬንያ ውስጥ በጦር መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል። በዚያው በኬንያ፣ በኒየሪ አካባቢ፣ በ1947 ዓ.ም. አባቱን በሰፋሪዎቹ መሬት ነገር የተነሡት የማው ማው ታጋዮች ገደሏቸው።

እኔን የሚከነክነኝ ከሊኪ ኋላ የሮጡት ናቸው። በሌላ ሰው አገር ለሌላ ሰው ነጻነት ሲዋጉ የራሳቸው አገር በቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ያንኑ ሜዳ አቋርጠዋል፣ ያው መትረየስ ተተኩሶባቸዋል። እንዲያም ሆኖ ከዚያ ቀን ውጊያ በስሙ የሚጠራው ሊኪ ብቻ ነው።