ሰባት ቤት፦ የቤተ እስራኤል አገሮች፣ ወገኖችና የዝምድና አቆጣጠር

በአሽዶድ ሰሜናዊ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በነዳጅ ማጣሪያውና በኤሽኮል የመብራት ማመንጫ አካባቢ ባሉ የሥራ ቦታዎች ወገኖቻችን ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት "አገርህ የት ነው? የማን ልጅ ነህ?" ብለው ነው። ለትልልቆቹ ይህ የሰላምታ ያህል ነው። እዚህ ተወልደው ካደጉት ልጆቻችን መካከል ግን ከአያታቸው ስም በላይ መቁጠር የማይችሉ ብዙ ናቸው። እኛ በማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ (ኦቭዲም ሶትሲያሊም) የተሰማራን ሰዎች ችግሩን በይበልጥ የምናየው ጋብቻ ሲታሰብ ነው። ስለዚህ የአገሮቻችንን፣ የወገኖቻችንንና የሰባት ቤት አቆጣጠርን ነገር በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጣንባቸው አገሮች

ሽማግሌዎቻችን "አገር" ሲሉ የተወለዱበትን አውራጃ ማለታቸው ነው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ጎንደር ዙሪያ፦ ደምቢያ፣ ወገራ፣ ጭልጋ፣ በለሳ፣ አርማጭሆና ሌሎችም። በትምህርት ቤቷ የታወቀችው አምቦበር፣ በሸክላ ሥራዋ የምትታወቀው ወለቃም በዚህ ክፍል ናቸው።

ሰሜን፦ የተራራው አገር ነው። አባቶቻችን እስከ 17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በራሳቸው መሪዎች ሥር ሆነው ከነገሥታቱ ጋር የተዋጉት በዚህ ነበር።

ሽሬና ወልቃይት፦ ትግርኛ ተናጋሪዎቹ ወገኖቻችን የመጡበት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል ቀድመው ከወጡት መካከል ናቸው።

ቋራ፦ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ሲሆን፣ በጥንት ጊዜ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ቋርኛ ይነገርበት ነበር። ከዚያ ከመጡት ብዙዎቹ እስራኤል የገቡት በ1999 ነው።

ዝምድና ለምን ይቆጠር ነበር?

የጎንደር ክርስቲያን ገበሬ ዘሩን የሚቆጥረው በአብዛኛው ለርስት ነበር፤ ከአቅኚው አባት መወለዱን ካስረዳ ከመሬቱ ድርሻ ይጠይቃል። አባቶቻችን ግን በአጼ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይኖረው ከተወሰነ ወዲህ ብዙዎቹ በሰው መሬት ላይ እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸማ እየሠሩ፣ እናቶቻችንም ሸክላ እየሠሩ ኖሩ። መሬት ለአራሹ የተባለው በ1975 ነው። ታዲያ የሚወረስ መሬት ሳይኖር ዘር መቁጠሩ በእኛ ዘንድ የጠነከረው በጋብቻ ምክንያት ነው። ልማዱ የሚለው እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ የሚገናኙ ሰዎች አይጋቡም ነው።

የሰባት ቤት አቆጣጠር

ወላጆች አንደኛ ቤት ናቸው፤ አያቶች ሁለተኛ፣ ቅድመ አያቶች ሦስተኛ እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ በላይ ምንዥላት፣ እንጅላት የሚባሉ ስሞች አሉ፤ አጠራሩ ከአገር አገር ይለያያል። ቆጠራው በአባት ብቻ አይደለም፤ በእናትም ወገን ነው። በሰባተኛው ትውልድ ብቻ 128 የአያቶች ቦታ አለ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በቃሉ አይዝም። ስለዚህ ሽማግሌ ሲላክ የሁለቱም ወገን አዋቂዎች ተቀምጠው ይቆጥሩ ነበር። በአንድ መንደር ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ዘመዳሞች ስለሆኑ ሙሽራ ከሩቅ መንደር ትመጣለች፤ ራቅ ያሉት መንደሮች የተሳሰሩትም በዚህ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን ሕንድ በሃርያና እና በፑንጃብ የሚኖሩ ጃት የሚባሉ ገበሬዎች "ጎትራ" የሚባል የወገን ስም አላቸው። ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ በልማዳቸውም ሰው ከራሱ ጎትራና ከእናቱ ጎትራ አያገባም። ከምዕራብ ሕንድ የመጡትና እዚህ አሽዶድም የሚኖሩት ቤኔ እስራኤል ደግሞ ብዙዎቹ የቤተሰብ ስማቸው ከአባቶቻቸው መንደር የተወሰደ ነው፤ ከፔን የመጣው ፔንካር ይባላል። እነዚህ ሰዎች ስማቸው ራሱ ይናገርላቸዋል። የእኛ ግን ያለው በሽማግሌዎች አእምሮ ነው። እነርሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

በእስራኤል የተፈጠረው ችግር

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የሚባል አልነበረንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ስንገባ ግን ለመታወቂያው (ቴውዳት ዜሁት) የቤተሰብ ስም ያስፈልግ ስለነበር ለአንዱ የአባቱ፣ ለሌላው የአያቱ ስም ተመዘገበ። ምሳሌ እንስጥ። የተሰማ ልጅ ወርቁ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት እንበል። ታላቁ በ1984 በዘመቻ ሙሴ መጥቶ "ወርቁ" ተባለ፤ ታናሹ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን መጥቶ "ተሰማ" ተባለ። የሁለቱ ልጆች በወረቀት ላይ ባዕድ ናቸው፤ በደም ግን የወንድማማች ልጆች ናቸው። አንዱ ቤተሰብ አሽዶድ፣ ሌላው ሰሜን አገር ከሰፈረ ልጆቹ ሳይተዋወቁ አድገው በጦር ሠራዊት ወይም በሥራ ቦታ ሊገናኙና ሊዋደዱ ይችላሉ። ዝምድናው የሚታወቀው አዳራሽ ከተያዘ በኋላ ከሆነ ኀዘኑ ከባድ ነው፤ ወላጆችና ልጆች እስከመኳረፍ ይደርሳሉ። በአንጻሩ ደግሞ አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ያላቸው ሁሉ ዘመድ አይደሉም።

ልንጠነቀቅበት የሚገባ

ዘር መጠየቅ ሰውን ለመናቅ መዋል የለበትም። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው "ጨዋ" እና "ባርያ" የሚል ክፍፍል እዚህም ጋብቻ ሲያፈርስ፣ ሰው ሲያሳፍር ኖሯል። ሰባት ቤት የሚጠይቀው "ዘመዳሞች ናችሁ ወይ?" የሚለውን ብቻ ነው። "ማን ይበልጣል?" የሚለው ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ለልጆቻችንም ልናወርሳቸው አይገባም።

ምን እናድርግ?

1. በሕይወት ካሉት አረጋውያን ጋር ቁጭ በሉ፤ ዛሬውኑ ጀምሩ። ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅረጹ።

2. ለእያንዳንዱ ሰው የአገር ቤት ስሙን፣ የዕብራይስጥ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ መንደሩን፣ እዚህ የተመዘገበለትን የቤተሰብ ስምና የመጣበትን ዓመት ጻፉ።

3. የሴት አያቶችን ስምና መንደራቸውን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቶሎ የሚረሳው እርሱ ነውና።

4. በሱዳን መንገድ የቀሩትን አትዝለሉ። ያለቁት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይነገራል፤ ብዙዎቹ የሚታወቅ መቃብር የላቸውም። በዘር ቆጠራው ውስጥ ግን ቦታ አላቸው።

5. ወንድማማቾች በአንድ የቤተሰብ ስም መጠራት ከፈለጋችሁ በ1956 የወጣው የስም ሕግ ይፈቅዳል። ማመልከቻው ለሕዝብ ምዝገባ ቢሮ ይቀርባል። ሰባት ዓመት ሳይሞላ እንደገና መቀየር ልዩ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ከመወሰናችሁ በፊት ቤተሰቡ ሁሉ ይስማማ።

6. የተጻፈውን በአንድ ሰው እጅ ብቻ አታኑሩ፤ ለወንድምም ለእህትም ቅጂ ስጡ።

ልጆቻችንንም መጠየቅ እናስለምዳቸው። "የማን ልጅ ነሽ? አገራችሁስ የት ነበር?" ሲባሉ መልሱን ከወዲሁ የሚያውቁ ከሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ያደርጉት የነበረውን ራሳቸው ሊያደርጉት ይችላሉ።